«ሲስተም የለም» እንዳይባል፦ የተጠባባቂ ራውተር አሠራርና አደረጃጀት

በገበያ ቀን ጤፉን ሸጦ ገንዘቡን ለማስቀመጥ ወይም የማዳበሪያ ክፍያ ለመፈጸም ከቀበሌው ወደ ወረዳ ከተማ የመጣ አርሶ አደር፣ ረጅም ሰልፍ ጠብቆ መስኮቱ ዘንድ ሲደርስ የሚሰማው መልስ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ቃላት ብቻ ነው፦ «ሲስተም የለም»። ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ጠባብ ነው። ወይ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ በከተማዋ ያድራል፣ ወይ ይዞት ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ይመጣ ይሆናል በሚል ተስፋ በረንዳው ላይ ይቀመጣል። የከተማው ነዋሪም ከዚህ አያመልጥም፤ ግብር ሊከፍል ወይም በጤና ጣቢያ ካርድ ሊያወጣ የሄደ ሁሉ ይህን መልስ ያውቀዋል።

«ሲስተም የለም» ግን የብዙ ችግሮች የጋራ ስም ነው። አንዳንድ ጊዜ ችግሩ ያለው ርቆ በሚገኘው ዋና ሰርቨር ላይ ነው። አንዳንድ ጊዜ የመንገድ ሥራ ማሽን የፋይበር መስመሩን ቆርጦት ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም መብራት ጠፍቶ ነው። ከእነዚህ ውጪ ግን አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ በራሱ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ፣ በአንድ ጥግ ባለ ካቢኔ የተቀመጠ አንድ ሳጥን ሲበላሽ ቅርንጫፉ በሙሉ ከዓለም ይቆረጣል። ይህኛው መሥሪያ ቤቱ ራሱ አስቀድሞ ሊከላከለው የሚችል በመሆኑ፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ የብድርና ቁጠባ ተቋማት፣ ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች ሁሉ አሠራሩን ቢያውቁት ይጠቅማል።

ሁለቱ ሳጥኖች

በካቢኔው ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት መሣሪያዎች ይገኛሉ። ስዊች የሚባለው በአንድ ቢሮ ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች፣ የማተሚያ መሣሪያዎችና ካሜራዎች እርስ በርስ ያገናኛል። ራውተር የሚባለው ደግሞ ይህን የውስጥ መረብ ከውጪው ዓለም ጋር የሚያገናኝ በር ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ወደ ውጪ የሚላክ መልእክት ሲኖረው ለማን እንደሚያስረክብ የሚነግር አንድ የበር አድራሻ፣ በባለሙያዎች ቋንቋ ጌትዌይ፣ ተመዝግቦለታል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው አንድ በር ብቻ ስለሆነ፣ ያ በር ሲዘጋ ከጎኑ ሌላ ራውተር ቢኖር እንኳ ሊያየው አይችልም።

በመሆኑም ሁለተኛ ራውተር ገዝቶ ካቢኔው ውስጥ ማስቀመጥ ብቻውን ዋጋ የለውም። በሬው የታመመበት አርሶ አደር ሌላ በሬ በበረት ስላለው ብቻ እርሻው አይታረስም፤ ቀንበሩን ከአንዱ አውርዶ በሌላው ላይ የሚጭን ያስፈልጋል። በኔትወርክ ውስጥ ይህን የሚያደርገው ሁለቱ ራውተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ደንብ ነው። ከእነዚህ ደንቦች ይበልጥ የታወቁት ሁለት ናቸው። ኤችኤስአርፒ የሲስኮ ኩባንያ ሲሆን፣ አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1998 በኢንተርኔት መሐንዲሶች የሰነድ ተከታታይ በቁጥር 2281 ታትሟል። ቪአርአርፒ ደግሞ በዚያው ዓመት በቁጥር 2338 የወጣ፣ ማንኛውም አምራች ሊጠቀምበት የሚችል ክፍት ደንብ ነው። የተለያዩ ኩባንያዎች ራውተሮችን አጣምሮ መሥራት የሚፈልግ ተቋም ሁለተኛውን መምረጥ ይኖርበታል።

የጋራ አድራሻ

የሁለቱም ደንቦች ዋና ሐሳብ አንድ ነው። በባህላዊው መስኖ ውኃውን በተራ የሚያከፋፍል የውኃ አባት አለ። እርሱ ሲታመም ምክትሉ በቦታው ይቆማል፤ ገበሬው ግን ወደዚያው ወደ ተለመደው የውኃ መክፈያ ይሄዳል እንጂ አዲስ ሰው ፍለጋ አይዞርም። ራውተሮቹም እንዲሁ ናቸው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አድራሻ እያላቸው፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ የማንም ያልሆነ አንድ የጋራ አድራሻ ይፈጠራል። ኮምፒውተሮቹ የሚያውቁት ይህን የጋራ አድራሻ ብቻ ነው። በማንኛውም ጊዜ ከሁለቱ ራውተሮች አንዱ የአድራሻው ተረኛ ይሆናል፤ ሌላው እየሰማ ይጠብቃል።

ለምሳሌ በአንድ የወረዳ ከተማ የሚገኝ የዩኒየን ጽሕፈት ቤት አለ እንበል። የመጀመሪያው ራውተር 192.168.10.2፣ ሁለተኛው 192.168.10.3 ተሰጥቷቸዋል። የጋራው አድራሻ 192.168.10.1 ይሆናል። ባለሙያው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የቡድን ቁጥር ያስገባል፤ ከዚያም ማን ተረኛ እንደሚሆን የሚወስን የቅድሚያ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ምንም ካልተነካ ይህ ቁጥር በሁለቱም ደንቦች 100 ነው። ዋናው እንዲሆን የተፈለገው ራውተር 120 ቢሰጠውና ሌላው በ100 ቢተው ከፍተኛው ቁጥር ያለው ተረኛ ይሆናል።

ተረኛው ራውተር በሥራ ላይ መሆኑን በየጊዜው «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት እየላከ ያሳውቃል። በቪአርአርፒ ይህ መልእክት በመደበኛነት በየ1 ሰከንዱ ይላካል። ተጠባባቂው የሦስት መልእክት ጊዜና ከቅድሚያ ቁጥሩ የሚሰላ ጥቂት ተጨማሪ ጊዜ ይታገሣል። የቅድሚያ ቁጥሩ 100 ለሆነ ራውተር ድምሩ 3.6 ሰከንድ ገደማ ነው። ያ ካለፈ ዝም ያለው ራውተር እንደሞተ ተቆጥሮ ተጠባባቂው ቦታውን ይወርሳል። ኤችኤስአርፒ ትንሽ ዝግ ያለ ነው፤ መልእክቱ በየ3 ሰከንዱ ይላካል፣ የመታገሻው ጊዜም 10 ሰከንድ ነው። ሁለቱም እንዲፈጥኑ ማስተካከል ይቻላል። ይሁን እንጂ በቂ ምክንያት ሳይኖር ጊዜውን እጅግ ማሳጠር፣ ራውተሩ ሥራ በዝቶበት መልእክቱ ጥቂት ሲዘገይ ብቻ ተረኝነቱ ወዲያና ወዲህ እንዲዋዥቅ ያደርጋል።

አዲሱ ተረኛ ቦታውን እንደያዘ የጋራውን አድራሻ እርሱ እንደያዘ የሚያውጅ መልእክት በስዊቾቹ በኩል ይልካል። ከአይፒ አድራሻው ጋር ማክ የሚባለው የመሣሪያ መለያም የጋራ ስለሆነ፣ በኮምፒውተሮቹ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። የሚለወጠው ስዊቾቹ ያንን መለያ በየትኛው ወደብ በኩል እንደሚያገኙት የያዙት መዝገብ ነው፤ እርሱንም ከዚሁ መልእክት ይማሩታል።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ ስሕተት አለ። ተጠባባቂው ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ቀድሞ በእጅ የተሞሉ ጥቂት ኮምፒውተሮች የበር አድራሻቸው በዋናው ራውተር የግል አድራሻ፣ በምሳሌው 192.168.10.2፣ እንደተመዘገበ ይቀራል። ራውተሩ ሲወድቅ እነዚያ ብቻ ይቆረጣሉ፤ የሒሳብ ክፍሉ እየሠራ ገንዘብ ቤቱ ይቆማል። ለኮምፒውተሮች አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ የተባለው አገልግሎት በዋናው ራውተር ላይ ብቻ ከሆነም፣ ራውተሩ ከወደቀ በኋላ የሚነሡ ኮምፒውተሮች አድራሻ አያገኙም። አገልግሎቱ በሁለቱም ላይ፣ የሚታደሉት አድራሻዎች እንዳይጋጩ በግማሽ በግማሽ ተከፍለው መቀመጥ ይኖርባቸዋል።

ራውተሩ ሕያው ሆኖ መስመሩ ሲሞት

እስካሁን የተባለው ራውተሩ ራሱ ሲበላሽ የሚሆነውን ነው። በተግባር ግን ይበልጥ የሚያጋጥመው ሌላ ነው። ራውተሩ ጤነኛ ሆኖ ወደ ውጪ የሚወስደው መስመር ይቆረጣል። በዚህ ጊዜ ራውተሩ በቢሮው ውስጥ «አለሁ» ማለቱን አያቆምም፤ ተጠባባቂውም ሁሉም ደህና መስሎት ዝም ይላል። ኮምፒውተሮቹ መልእክታቸውን ወደ ገደል አፋፍ ላይ ወደሚያበቃ መንገድ ይልካሉ ማለት ነው።

ለዚህ መፍትሔው ዋናው ራውተር የውጪውን መስመር እንዲከታተልና መስመሩ ሲጠፋ የራሱን የቅድሚያ ቁጥር እንዲቀንስ ማድረግ ነው። ይህ የክትትል ሥራ ከቪአርአርፒ ደንብ ውጪ አምራቾች ራሳቸው የጨመሩት ስለሆነ፣ ከመግዛት በፊት መሣሪያው እንዳለው መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚቀነሰው መጠን ደግሞ በሒሳብ ይሁን። በምሳሌው ዋናው 120፣ ተጠባባቂው 100 ነው። ቅነሳው 10 ቢሆን ዋናው 110 ይሆናል፤ አሁንም ስለሚበልጥ ምንም አይለወጥም። ቅነሳው 30 ቢሆን ወደ 90 ይወርድና ተጠባባቂው ይረከባል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሥራ በዚህች በአንዲት ቁጥር ምክንያት ከንቱ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚታየው ዝቅተኛ ቁጥር ካለው ላይ ተረኝነቱን የመንጠቅ ፈቃድ ነው። በቪአርአርፒ ይህ ፈቃድ ከመነሻው የበራ ነው፤ በኤችኤስአርፒ ግን ባለሙያው ራሱ ካላበራው አይሠራም፤ የዋናው ቁጥር ወደ 90 ቢወርድም ተጠባባቂው ዝም ብሎ ያያል። በሌላ በኩል፣ መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ከተማ ነጠቃው ያለ ገደብ ሲሆን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ዋናው ራውተር መብራት ሲመለስለት የውጪ መስመሩ ገና ሳይነሣ ተረኝነቱን መልሶ ይወስዳል፤ ሲሠራ የነበረው አገልግሎትም እንደገና ይቋረጣል። ስለዚህ ከነቃ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ፣ እንዲታገሥ የሚያዝዘውን መቆጣጠሪያ መጠቀም ይመረጣል።

የስዊቾቹ ጉዳይ

ሁለት ራውተር ኖሮ ሁለቱም በአንድ ስዊች ላይ ከተሰኩ፣ ያ ስዊች ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ራውተር በየራሱ ስዊች ላይ ይሰካል፤ ስዊቾቹም እርስ በርስ ይገናኛሉ። አስቸጋሪው ሥራ ግን ከዚህ ይጀምራል። በስዊቾች መካከል ከአንድ በላይ መንገድ ሲኖር ክብ ይፈጠራል። በኢንተርኔት የሚጓዝ እሽግ ስንት ራውተር ካለፈ በኋላ መሞት እንዳለበት የሚገልጽ ቆጣሪ አለው። በስዊቾች መካከል የሚጓዘው ፍሬም ግን እንዲህ ያለ ቆጣሪ የለውም፤ ለሁሉም የተላከ አንድ መልእክት በክቡ ውስጥ እየተባዛ ያለ ማቋረጥ ይዞራል። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መረቡ በራሱ ጩኸት ይታፈናል። ለዚህ አደጋ ባለሙያም አያስፈልግም፤ ቢሮ ሲጸዳ ወለሉ ላይ የተገኘ ኬብል ሁለቱም ጫፎቹ ግድግዳው ላይ ቢሰኩ በቂ ነው።

ይህን የሚከላከለው ራዲያ ፐርልማን የተባለችው አሜሪካዊት የኮምፒውተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1985 በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ ሳለች የፈጠረችው ስፓኒንግ ትሪ የተሰኘ ደንብ ነው። ስዊቾቹ ከመካከላቸው አንዱን ሥር አድርገው ይመርጣሉ፤ ከእርሱ የሚነሡ ቅርንጫፎችን ብቻ ክፍት ትተው ክብ የሚፈጥረውን ትርፍ መንገድ ይዘጉታል። የሚሠራው መንገድ ሲቆረጥ የተዘጋው ይከፈታል። ቀላልና ርካሽ ስዊቾች ብዙ ጊዜ ይህን አያውቁም። ማኔጅድ የሚባሉት፣ ማለትም ባለሙያ ገብቶ የሚያዛቸው ስዊቾች፣ የሚመረጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ስፓኒንግ ትሪ መንገድ ለመለወጥ ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጅበታል። ራውተሮቹ በ4 ሰከንድ ቢተካኩም ስዊቾቹ 50 ሰከንድ ከጠበቁ ተገልጋዩ የሚያየው 50ውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፈጣኑ ዓይነት፣ አርኤስቲፒ፣ በደንብ በተዋቀረ መረብ ላይ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሰከንዶች በላይ አይፈጅም፤ በሁሉም ስዊቾች ላይ እርሱ መመረጥ አለበት። ኮምፒውተሮች የሚሰኩባቸው ወደቦችም የመጨረሻ ወደብ መሆናቸው ይነገራቸዋል። ያለዚያ መብራት በተመለሰ ቁጥር እያንዳንዱ ኮምፒውተር 30 ሰከንድ ደጅ ይጠናል።

ሥሩን መምረጥ ለዕድል የሚተው ነገር አይደለም። የስዊቾች የቅድሚያ ቁጥር መነሻው 32768 ነው፤ ሁሉም እኩል ከሆኑ ዝቅተኛ የማክ መለያ ያለው ይነግሣል። ይህም ብዙ ጊዜ አሮጌው፣ ምናልባትም በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ አቧራ የጠጣው ስዊች ይሆናል። በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በራውተሮች ዘንድ ትልቁ ቁጥር ሲያሸንፍ በስፓኒንግ ትሪ ግን የሚያሸንፈው ትንሹ መሆኑ ነው፤ ይህን ያምታቱ ጥቂት አይደሉም። ዋናው ራውተር የተሰካበት ስዊች 4096፣ ሁለተኛው 8192 ቢሰጣቸው የሁለቱ ደንቦች ምርጫ ይስማማል፤ መልእክቱም ያለ ጥምዝምዝ በአጭሩ መንገድ ይሄዳል።

ትርፍ መንገድ ሁልጊዜ ደኅንነት አለመሆኑን የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2002 በአሜሪካ ቦስተን የሚገኘው ቤዝ እስራኤል ዲኮነስ ሆስፒታል ኔትወርክ ወደቀ። መረቡ በዓመታት ውስጥ እየተቀጠለ ሰፍቶ፣ ስፓኒንግ ትሪ ሊሸከመው ከታሰበው 7 የስዊች እርከን አልፎ ነበር። ሐኪሞችና ነርሶች ለአራት ቀናት ገደማ ወደ ወረቀትና ወደ እግር መልእክተኛ ተመለሱ። የሆስፒታሉ የመረጃ ኃላፊ ጆን ሃላምካ የሆነውን ሳይደብቁ በይፋ በመናገራቸው ታሪኩ ለሌሎች መማሪያ ሆኗል። የአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መረብ እዚያ አይደርስም፤ ቢሆንም ቢሮ በተጨመረ ቁጥር ከመጨረሻው ስዊች ላይ ሌላ ስዊች መቀጠል የሚለው ልማድ አንድ ነው።

ሁለት ንጉሥ በአንድ ቤት

በሁለቱ ራውተሮች መካከል ያለው መነጋገሪያ ሲቋረጥ እያንዳንዱ ሌላው የሞተ ይመስለዋል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ተረኛ ነኝ ይላሉ፤ የጋራው መለያ በስዊቾቹ መዝገብ ከአንዱ ወደብ ወደ ሌላው እየዘለለ አንዱ ኮምፒውተር ይሠራል፣ ሌላው ይቆማል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይገለበጣል። ባለሙያውን ከሁሉ ይልቅ የሚያደክመው እንዲህ ያለው በግማሽ የሚሠራ ብልሽት ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ስዊቾቹን በሚያገናኘው ኬብል ላይ የሚፈለገው ቪላን፣ ማለትም የተከፋፈለው የውስጥ መረብ፣ እንዲያልፍ አለመፈቀዱ ነው። ሌላው የቪአርአርፒ መልእክቶች የሚላኩበት 224.0.0.18 የተባለው አድራሻ በጥበቃ ደንብ መታገዱ ነው። የቡድን ቁጥር ወይም የመልእክት ጊዜ በሁለቱ ላይ ተለያይቶ ሲጻፍም ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል። በስዊቾቹ መካከል አንድ ሳይሆን ሁለት ኬብል አጣምሮ እንደ አንድ ማሠራት ይህን አደጋ በብዙ ይቀንሰዋል።

መብራትና መስመር

ሁለት ራውተር፣ ሁለት ስዊች፣ ነገር ግን አንድ ማከፋፈያ ሶኬት የሚታይበት ካቢኔ ብርቅ አይደለም። ዋናውና ተጠባባቂው በተለያየ ዩፒኤስ ላይ መሰካት አለባቸው፤ ጄኔሬተር ያለው ተቋምም ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ባትሪው እንደሚያቆይ መለካት ይኖርበታል። መስመሩም እንዲሁ ነው። በአንድ ቦይ ውስጥ የተቀበሩ ሁለት የፋይበር መስመሮች በአንድ ዶማ ይቆረጣሉ። አንዱ መስመር ፋይበር፣ ሌላው በሲም ካርድ የሚሠራ የሞባይል ኢንተርኔት ቢሆን ይሻላል። በኢትዮጵያ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ፣ የሁለቱም ኩባንያዎች ሽፋን ባለበት ከተማ አንዱን መስመር ከኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላውን ከሳፋሪኮም መውሰድ ይቻላል። ኩባንያዎቹ ማማ የሚጋሩባቸው ቦታዎች ስላሉ ግን ሁለቱም ከአንድ ማማ የሚመጡ መሆን አለመሆናቸውን መጠየቅ አይከፋም።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። መስመሮቹ የተለያዩ ሲሆኑ መረቡ ወደ ውጪ የሚታይበት አድራሻም ይለወጣል። ስለዚህ ተተኪው በ4 ሰከንድ ቢረከብም፣ በመቁረጡ ቅጽበት ሲከናወን የነበረ ሥራ ይቋረጣል፤ ገንዘብ ከፋዩ ሠራተኛ እንደገና ገብቶ የመጨረሻው ክፍያ መመዝገቡን አረጋግጦ መቀጠል ይኖርበታል። ይህን ሳይነገረው የቀረ ሠራተኛ አንዱን ክፍያ ሁለት ጊዜ ሊልክ ይችላል።

ሌላው ተራ የሚመስል ግን ብዙ ያስለቀሰ ጉዳይ ማስቀመጥ ነው። በብዙ ማኔጅድ ስዊቾችና ራውተሮች ላይ ባለሙያው የሰጠው ትእዛዝ ወዲያው ይሠራል፤ በቋሚ ማኅደር ካልተቀመጠ ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሥራው ተጠናቀቀ ተብሎ ርክክብ ተፈርሞ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በመጀመሪያው የመብራት መቋረጥ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። የትእዛዞቹ ቅጂ ከመሣሪያው ውጪም በፍላሽ ተቀድቶ በጽሕፈት ቤቱ መቀመጥ አለበት።

ርክክብ ከመፈረሙ በፊት መፈተሽ

ፍተሻው የሚደረገው ተገልጋይ በሌለበት ቀን ነው፤ መሣሪያ እንዳልነበር የሚያደርግ ነገር ስለሌለው ማንም ሊመለከተው ይችላል። አንድ ኮምፒውተር በየሰከንዱ ወደ ውጪ አድራሻ የፒንግ መልእክት እንዲልክ ይደረጋል። ከዚያም የዋናው ራውተር የመብራት ገመድ ይነቀላል፤ ስንት መልእክት እንደጠፋ ተቆጥሮ ይጻፋል። ራውተሩ ተመልሶ ሲነሣም እንደገና ይቆጠራል፤ ብዙዎች የሚያዩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ቀጥሎ አንደኛው ስዊች ይጠፋል፤ በእርሱ ላይ የተሰኩት ኮምፒውተሮች መቆረጣቸው የማይቀር ስለሆነ የሚታየው የሌላኛው ስዊች ተገልጋዮች መቀጠላቸው ነው። ከዚያ ስዊቾቹን የሚያገናኙት ኬብሎች አንድ በአንድ ይነቀላሉ።

የመጨረሻውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ፍተሻ የውጪውን መስመር የሚመለከት ነው። ገመዱን ከራውተሩ ላይ መንቀል አይበቃም፤ ራውተሩ ያንን ወዲያው ያውቀዋል። የቴሌኮም ሳጥኑ ሳይጠፋ ከእርሱ ወዲያ ያለው ፋይበር ሲነቀል፣ በራውተሩና በሳጥኑ መካከል ያለው መብራት አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ራውተሩ የሚከታተለው የራሱን ወደብ ብቻ ከሆነ እዚህ ላይ ይሞኛል። ርቆ ያለ አድራሻ በየጊዜው እየጠራ መልስ መምጣቱን እንዲከታተል መታዘዝ አለበት፤ የሚጠራው አድራሻም አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ቢሆን፣ ያ የሩቅ ሰርቨር ለራሱ በታመመ ቀን መላው ጽሕፈት ቤት ያለ ምክንያት ወደ ሁለተኛው መስመር አይሸጋገርም።